የአርፋጅ ጥንድ

ጥቅምት 6

ቀድመሽኝ ስለተወለድሽ ብቻ ዕድሜ ልኬን «እታለም» እያስባልሽኝ ለምትኖሪው መንትያዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት። ስልክ ስደውል ለምን አታነሳም ላልሽው ይቅርታሽን እለምናለሁ። ለስልክ የሚሆን ጸጥታ የለኝም፤ ጻፊልኝ፣ እኔም እጽፋለሁ። በዚያ ላይ ስንጨቃጨቅ ሁለታችንም ጆሮ ላይ መዝጋት እንወዳለን። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

የጨዋታው ፖስተር ደረሰህ ወይ፣ ወደድከው ወይ ብለሻል። ደርሶኛል። አልወደድኩትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳየው ተጸየፍኩት።

ልጆች ሆነን ከጋራዡ ጀርባ ጌም ቤት ተሰልፈን የተጫወትነው ያ የድሮ ጨዋታ እንደ አዲስ ሊሠራ ነው፣ ተዋጊዎቹን የምሥለውም እኔ ነኝ ስትዪኝ ስንት ሰው ፊት ጉራዬን ነፋሁ መሰለሽ! ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ሁለት ሁለት ሆኖ መፋለም፣ አንዱ ሲጨንቀው ጥንዱ ሮጦ ገብቶ አብሮት የሚመታው ነገር። እኔና አንቺን ማን ይችለን ነበር? አዲስ ትምህርት ቤት ጨምሪ ሲሉሽ የኛን ጨመርሽ። ይሁን። ከነሰማያዊ በሩ፣ ከነተሰበረው ደረጃው ልክ ነው፤ እጅሽ ይባረክ። ግን ከሰው ሁሉ መርጠሽ ፊሽካን?

ያ ቱታ፣ ያ ጺም፣ ያ የተነፋ ደረት፣ ያ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ፊሽካ። ከሥሩ ደግሞ «ፊሽካው ሲነፋ የወደቀ ይነሳል» ተብሎ ተጽፏል። «ፊሽካ» የምንለው የስፖርት መምህራችን ጀግና ሆኖልን አረፈው! እኔ የላክሽልኝን መሳቢያ ውስጥ ደብቄ ሳለሁ፣ እሱ ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ በመስታወት አስገጥሞ እኔ በማስተምርበት በድሮ ትምህርት ቤታችን መምህራን ማረፊያ ክፍል ሰቀለው። አሁን ምክትል ርእሰ መምህር ነው፤ ዘንድሮ ዋናውን ወንበር ሊይዝ ነው። ባልደረቦቼ በሥዕሉ ሥር ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ሻይዬን እዚያ መጠጣት ትቻለሁ።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ስቄ በተውኩት። እኔ የክፍል ኃላፊ በሆንኩበት ክፍል አንዲት ልጅ አለች፤ የጸጉር ሠሪዋ ልጅ ይሏታል። ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም። እንዲህ ያደረገኝ ፊሽካ ነው ብላ ከሰሰች። እሱ ደግሞ ስሜን አጠፋች ብሎ ከሰሳት። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ዋሽታለች ከተባለ ትባረራለች። የመጨረሻ ዓመቷ ነው።

ከየት አመጣሽው ያንን ሥዕል? ምኑን አይተሽ?

ወንድምሽ

ጥቅምት 17

ለአኩራፊው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። እማዬን በኔ ፋንታ ሳምልኝ። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሆድ ባሰኝ፣ አሁን ተመልሼ ተናድጃለሁ።

ከየት አመጣሽው ላልከኝ፣ ከገዛ ትዝታዬ ነው። እዚህ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስክሪን ላይ ተተክለን እንውላለን። አለቃችን «ከልባችሁ የወጣ ነገር አምጡ» ሲለን ሌላው ሁሉ ዘንዶና ሰይፍ አመጣ። እኔ የጥንድ ሕጋችንን አመጣሁ። ታስታውሰዋለህ እኮ፤ እሳቸው ተማሪውን ሁሉ ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሩን፣ እኔና አንተ መንታ ስለሆንን ጥንድ ሆንን። አንዱ ካረፈደ የሚጠየቀው ጥንዱ ነው። አለቃዬ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ዘለለ። «እንዲህ ያለ ሕግ በየትም ጨዋታ የለም!» አለ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም።

እኔ አርፋጅ እንደነበርኩ አገር ያወቀው ነው። የአርፋጅ ደንቡ በሩ ጋ ፊትን ወደ ግንቡ አዙሮ መቆም ነበር። እኔም የግንቡን ቀለም በጥፍሬ እየፋቅሁ ሥዕል እሠራለሁ። ከስፖርት ዕቃ ክፍሉ የፊሽካ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ እሳቸው በፈገግታ ይመጡና «በይ ግቢ፣ ጥንድሽ ከፍሎልሻል» ይሉኛል። አንተ ትወጣለህ፤ አብረን ወደ ክፍል እንሮጣለን። ምን አደረጉህ ስልህ «ኳስ አስነፉኝ» ትለኝ ነበር። ለእኔ ያ ፊሽካ ይቅር ተባልኩ ማለት ነው። በጨዋታውም ፊሽካው ሲነፋ የወደቀው ጥንድ ነፍስ ይዘራል።

እኔን አንድ ቀን እንኳ ነክተውኝ አያውቁም። ስለ ልጅቷ አዝናለሁ፤ ግን የሰው ስም እንዲሁ አይነሳም። ደግሞስ አንተ ኳስ ከመንፋት በቀር ምን ደረሰብህ? ንገረኝ እስቲ፤ ልወቀው።

እታለምህ

ጥቅምት 29

እታለሜ፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። እየጻፍኩ እየቀደድኩ ነው።

ኳስ አልነፋሁም። ለመሆኑ በዚያ ትምህርት ቤት የተነፋ ኳስ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ልንገርሽ። ክፍሉ መስኮት የለውም። የረጠበ ፍራሽ፣ ላብ ያረጀበት ማሊያ፣ የበሰበሰ ጎማ ይሸታል፤ ዛሬም ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ከመጣ እህል አይወርድልኝም። በሩን ይዘጋል። ጭንቅላቴን በአንድ እጁ እንደ ሐብሐብ ይይዝና ፊሽካውን ግራ ጆሮዬ ላይ ይደግነዋል። ከዚያ ባለ በሌለ ትንፋሹ ይነፋል። ምራቁ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፣ ሞቅ ያለ። ሲጨርስ በሚናፈጥበት መሐረብ ጆሮዬን ይጠርግልኝና «ጎበዝ፣ ለእህትህ ብለህ ነው» ይለኛል። ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ መጥረጉ ነው።

እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ሰንበር የለ፣ ደም የለ። ለምን አልነገርከኝም ትዪኛለሽ። ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፣ ብታለቅሺም ማርፈድሽን አትተዪም። ይቺ ቀልድ ናት፣ አትቆጪ።

ስልክ የማላነሳው በዚህ ነው። ግራው ካለቀ ቆይቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነው። በስልክ የምትዪውን ግማሹን እየገመትኩ መመለስ ሰለቸኝ። እማዬ አታውቅም፣ እንዳትነግሪያት።

አሁን ወደ ኮሚቴው። ምስክር ሲጠሩ «ባጠፋኸው ጥፋት መምህሩ ቀጥተውህ ያውቃሉ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። አርፋጅ የነበረ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ «ኧረ በፍጹም!» ይላል። አልዋሸም። የተቀጣው ጥንዱ ነዋ! ጥንዱ ደግሞ ጓደኛውን ላለማሳጣት አፉን ይለጉማል። ያጠፋው ምስጋና ይዞ ይወጣል፣ ያላጠፋው ኀፍረት ይዞ ይቀራል። የልጅቷ ጥንድም ቀርቦ «እኔን ነክተውኝ አያውቁም» ብሎ መሰከረ። ልጁን ሳየው አንቺን አሰብኩሽ። እኔ ልመስክር ስል «ወንበሩን ፈልጎ ነው» ተባልኩ።

የመከላከያ ማስረጃው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያንቺ ፖስተር። «የድሮ ተማሪዬ ናት፣ አርፋጅ ነበረች፣ ስለኔ የምታስበውን በዓይናችሁ እዩት» ብሎ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋላቸው። ሰብሳቢው «ይህን ያህል የምትወደድ መምህር ነህ!» አለው አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አንቺ ግን አልወጋሽ፣ አልተወጋሽ፣ ምኑን ታስታውሺ? አልፈርድብሽም። ግን ያቺን ልጅ የሚያስባርራት ያንቺ እጅ ነው። እወቂው።

ወንድምሽ

ኅዳር 8

ወንድሜ፣ ወንድምዬ፣

ሰላምታ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ነበር የከፈትኩት። ከጎኔ የድምፅ ባለሙያው ፊሽካ እየደጋገመ ያስነፋል፤ የትኛዋ ትጥማለች እያለ ሰው ያስመርጣል። ደብዳቤህን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። ስለ ገዛ ሥዕሌ እዚያ የሚባለውን ሰው ሁሉ ካወቀው በኋላ መስማቴ።

እሳቸው ማለቴን ትቻለሁ።

በማግስቱ በላክሃት ብጣሽ ወረቀት ሥዕሉን አታነሺውም ወይ ብለኸኛል። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ያንተን ጆሮ ሳይቀር፤ ለዚህም ይቅርታ። ፊቱን አጨፈገገ፣ እጄን ያዘ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታሪኩ እውነት ከሆነማ ይበልጥ ይሸጣል።» እጄን ከእጁ ነጥቄ ልብሴ ላይ ጠረግሁት። የሕግ ሰው መጥቶ ሲያስፈራራቸው ደግሞ «ጺሙን ላጪው፣ ቱታውን አረንጓዴ አድርጊው፣ ሌላ ሰው ይሆናል» አሉኝ። እኔው ነኝ የላጨሁት። ጺሙ ሲነሳ ያ ፈገግታው ይባስ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሰዎቹ ከኋላዬ ቆመው አጨበጨቡ፣ አንዷ ኬክ ቆርሳ አጎረሰችኝ። ኬኩን አፌ ውስጥ ይዤው ስንት ጊዜ እንደቆየሁ እንጃ።

ልጅቷ የምትቀርብበት ቀን መቼ ነው? ስለ መምጣቴ ግን አሁን አፌን ሞልቼ አልናገርም። የጨዋታው ምረቃ በዚሁ ሰሞን ነው፤ ትተሽ ከሄድሽ ቦታሽን ሌላ ሰው ይይዘዋል ብለውኛል። ይህን ስጽፍልህ ራሴን እየጠላሁት ነው።

እህትህ

ኅዳር 16

እታለሜ፣

ቀኑ ኅዳር 26 ነው፣ ጠዋት። ጠይቀሽኛልና መልሴ ይኸው።

ጸጉር ሠሪዋ ትናንት ኬሚስትሪ የማስተምርበት ቤተ ሙከራ ድረስ መጣች። ሱቋን ዘግታ፣ ሚዶውን ከሽርጧ ኪስ ሳታወጣ። «መምህር፣ ልጄ እንቅልፍ የላትም፤ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ይነፋል ትለኛለች። እንግዲያው ይቅርታ ትጠይቀውና ትምህርቷን ትጨርስ?» አለችኝ። እኔን መጠየቋ! አዎ ብላት ልጅቷን እገድላታለሁ፣ አይሆንም ብላት አስባርራታለሁ። ሻይ ላፍላልሽ አልኳት። እንዲህ ያለ ወንድም ነው ያለሽ።

እሷ ወጣች፣ እሱ ገባ። «ልጄ» አለኝ። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ በዚያው መሐረብ መወልወል ጀመረ፤ ሌላ ይሆናል፣ ለእኔ ግን ያው ነው። ወልውሎ ወልውሎ የሙከራ ብርጭቆዎቼ መሃል አስቀመጠው። «እህትህን ጥራልኝ። ወንበሩን የያዝኩ ቀን ለተማሪው ንግግር ታድርግ፤ አበባ ይዘን ነው የምንቀበላት።» ሲሄድ ብርጭቆዎቹን በአሲድ አጠብኳቸው። ጠረጴዛውንም አጠብኩ። እጄንም አጠብኩ፣ እስኪላጥ።

ሥራሽን ልቀቂ አልልሽም። ባትመጪም አልቀየምሽም። ውሸቴን ነው፣ እቀየምሻለሁ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 4

እታለሜ፣

በሰላም ገባሽ ወይ? እማዬ «ልጄ መጥታ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ሄደች» እያለች ነው፤ አውቶቡስ ሊያመልጣት ስለነበር ነው ብዬ አስተባብዬልሻለሁ። ማርፈድሽን ታውቃለችና ወዲያው አመነች።

ውሳኔው ምን ሆነ ላልሽኝ፣ ልጅቷ አልተባረረችም። ስም ማጥፋት የሚለው ክስ ተሰርዟል። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የእሷ ቀኟ፣ የእኔ ግራዬ ነውና በቀኜ በኩል ስትሄድ እንሰማማለን፤ ሁለት ሆነን አንድ ደህና ሰው ወጥቶናል። ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። ጥንዷ ግን አሁንም ሲያያት መንገድ ይቀይራል።

ፊሽካ ወንበሩን አላገኘም። ተባረረ እንዳትዪ ብቻ። «ለረጅም አገልግሎቱ» ከምስጋና ጋር ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተዛወረ፤ ስለ ተማሪዎች ሥነ ምግባር የሚመለከተው ክፍል ነው አሉ። መሸኛ ተደረገለት። ሱፍ ገዙለት። ያ ሁሉ መምህር እየተሰለፈ ጉንጩን ሳመው፤ ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጡትም ሳሙት። እኔ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ፖስተርሽን በብብቱ ይዞት ሄደ።

አሁን የኔን ጥያቄ መልሺ። አንቺ እንደ ልማድሽ ከረፋዱ በኋላ ሻንጣሽን እየጎተትሽ ስትገቢ ሰብሳቢው ያቺኑ ጥያቄ ጠየቀሽ። «አንድም ቀን አልነኩኝም» ስትዪ ፊሽካ ፈገግ አለ፤ የልጅቷ እናት ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ጨፈንኩ፣ አልዋሽሽም። ከዚያ እኔን አስነስተሽ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሽኝ፣ «ቀኝ ጆሮህን በመዳፍህ ድፈን» አልሽኝና በግራዬ ቆምሽ። ከዚያ በኋላ ለእኔ ግድግዳ ብቻ ነው። ዞር በል ብለው ትከሻዬን ሲነኩኝ ሁሉም ፊሽካን እያዩ ነበር። የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ቆሟል። አንቺ ታለቅሻለሽ። ያልሽውንና የተባለውን ብጠይቅ «የኮሚቴ ምስጢር ነው» ይሉኛል። በገዛ ጆሮዬ ጉዳይ!

ምን አልሽ?

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 13

ወንድምዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞታል፤ አሁን የምሥለው ዛፍና ደረጃ ብቻ ነው። ስሜን ከጨዋታው አስፍቄያለሁ። እሱ ጺሙን ተላጭቶ እየተሸጠ ነው፤ እዚህ ሕፃናቱ ሁሉ እሱን ነው የሚመርጡት። በየሱቁ መስኮት ሲስቅብኝ መንገድ እሻገራለሁ። ለእማዬ ይቅርታ ጠይቅልኝ። እንደዚያ ሆኜ ፊቷ ብቀርብ ሁሉንም ታወጣጣኝ ነበር።

ምን አልሽ ላልከኝ። በመንገድ ሳጠናው የመጣሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ። ግንቡ ጋ ሳቆምህ ጠፋኝ። ያን ሁሉ ዓመት ግንብ ፊት የምቆመው እኔ ነበርኩ፤ አንተን ከዚያ ወገን አይቼህ አላውቅም። ሰብሳቢው «ስሙን ጥሪው» አለኝ። ስምህን አልጠራሁም። ሌላ ነገር አልኩህ፣ መጀመሪያ በቀስታ። አልተንቀሳቀስክም። ከዚያ ጮክ ብዬ አልኩት። የማጅራትህ ጸጉር እንኳ አልተነቃነቀም። ጆሮህ ሥር ገብቼ ጮህኩ፤ የልጅቷ እናት ጆሮዋን ያዘች። አንተ ግድግዳውን ታያለህ።

ያኔ ነው ፊሽካ ከወንበሩ ሆኖ፣ ያን የአባት ድምፁን አውጥቶ፣ «ልጄ፣ አትድከሚ። ያ ጆሮ አሥረኛ ክፍል እያላችሁ ነው ያለቀው» ያለኝ። ሊያጽናናኝ ነው እኮ! አዝኖልኝ!

መቼ እንዳለቀ እዚያ ክፍል ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔ እንኳ አላውቅም ነበር። ሰብሳቢው ቀስ ብሎ «እርስዎ በምን አወቁ?» አለው። እሱ ግን መሐረቡን አውጥቶ አፉን ጠረገ። አንተ ዞረህ ያየኸን ያን ጊዜ ነው።

ጆሮህ ሥር የጮህኩትን ደግሞ ጠይቀኸኛል። ግንቡ ጋ ቆሜ ቀለም ስፍቅ፣ እሱ ወደዚያ ክፍል ሲያስገባህ፣ ያኔ በጊዜው ማለት የነበረብኝን ነው። «ያረፈድኩት እኔ ነኝ፣ እሱን ተዉት፣ እኔን» ነው ያልኩት። ደጋግሜ አልኩት፣ አልሰማህም። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ።

እህትህ